ፖላራይዜሽን ምንድን ነው? ከፀሐይ መነጽር እስከ «ዋልታ ረገጥ» ፖለቲካ

ስለ ፖለቲካ በሚጻፉ ዜናዎችና ትንታኔዎች ውስጥ «ፖላራይዜሽን» ወይም «ዋልታ ረገጥነት» የሚለው ቃል ሳይነሳ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙው አንባቢ የሚረዳው «ሰው ተራራቀ፣ ልዩነቱ ሰፋ» ብሎ ነው። ይህ አረዳድ ፍጹም ስህተት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይስታል። ያው ቃል በፀሐይ መነጽር ላይ ተለጥፎ ይሸጣል፤ ሐኪሞች ስለ ልብ ምት ሲናገሩ ይጠቀሙበታል፤ በሒሳብ ውስጥ አንድ ቀመር በእሱ ይጠራል፤ ኢኮኖሚስቶችም የገቢ ስርጭትን ይለኩበታል። በእነዚህ ዘርፎች ውስጥ ስናልፍ ፖለቲካውን የምናይበት ዓይን ይለወጣል። ሰዎች ምን ያህል ይራራቃሉ ከሚለው ይልቅ በስንት አቅጣጫ ይለያያሉ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ክብደት ያገኛል።

በብርሃን ላይ ፖላራይዜሽን ማለት ምን ማለት ነው?

ብርሃን ሞገድ ነው። ሞገዱ ወደ ፊት ሲጓዝ ንዝረቱ ግን ወደ ጎን ነው። አንድ ጫፉ ግንድ ላይ የታሰረ ገመድ እናስብ። ሌላውን ጫፍ ይዘን ብናወዛውዘው ሞገዱ ወደ ግንዱ ይሄዳል፤ ገመዱ ራሱ ግን እንደ እጃችን አኳኋን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወይም በሰያፍ ይወዛወዛል። ገመዱን በቋሚ እንጨቶች በተሠራ አጥር መካከል ብናሳልፈው ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ንዝረት ያልፋል፤ ወደ ጎን የሚለው እንጨቱ ላይ ይቀራል።

ከፀሐይ ወይም ከአምፖል የሚወጣ ብርሃን በእነዚህ አቅጣጫዎች ሁሉ የሚነዝር ቅልቅል ነው። ተጣርቶ ወይም ተንጸባርቆ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዝረው ሲቀር ፖላራይዝድ ሆነ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ብርሃኑ በሁለት ጎራ አልተከፈለም። ብዙ አቅጣጫ የነበረው አንድ አቅጣጫ ብቻ ቀረው እንጂ።

ታዲያ «ዋልታ» የሚለው ስም ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1808 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ፓሪስ ውስጥ በሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ ያረፈውን የምሽት ፀሐይ ነጸብራቅ ካልሳይት በሚባል ማዕድን ውስጥ አሻግሮ ተመለከተ። ካልሳይት አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ የሚያሳይ ጥርት ያለ ማዕድን ነው። ማሉስ ማዕድኑን ሲያሽከረክር ከሁለቱ ምስሎች አንዱ ይደበዝዛል፣ ሌላው ይደምቃል፤ ቀጥሎ ደግሞ ተራቸውን ይለዋወጣሉ። ከመስተዋት የተመለሰ ብርሃን ከቀጥተኛው የፀሐይ ብርሃን የተለየ ጠባይ እንዳለው የተረዳው በዚህ ነው። በዘመኑ ብርሃን የጥቃቅን ቅንጣቶች ጅረት ነው የሚለው አስተሳሰብ ገናና ስለነበር፣ ማሉስ ቅንጣቶቹ እንደ ማግኔት ዋልታ አላቸው ብሎ አሰበ። በ1811 ለክስተቱ ፖላራይዜሽን የሚል ስም ሰጠው። አሥር ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦጉስተን ፍሬኔል ብርሃን ወደ ጎን የሚነዝር ሞገድ ነው ብሎ ሲያስረዳ የማሉስ ማብራሪያ ወደቀ፤ ስሙ ግን ቀረ። በብርሃን ፖላራይዜሽን ውስጥ ዋልታ የሚባል ነገር የሌለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዕለት ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከውኃ ላይ፣ ከእርጥብ አስፋልት ወይም ከመኪና መስተዋት የሚንጸባረቅ ብርሃን በአብዛኛው በአግድም ይነዝራል። የፖላራይዝድ መነጽር ማጣሪያ ደግሞ የሚያሳልፈው ቋሚውን ንዝረት ነው። አሽከርካሪውን ወይም ዓሣ አጥማጁን የሚያጥበረብረው ነጸብራቅ መነጽሩ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ጥቁር መነጽር ሁሉ ይህን አያደርግም፤ ተራው መነጽር ሁሉንም ብርሃን በእኩል ያደበዝዛል። በፖላራይዝድ መነጽር የኤልሲዲ ስክሪን እያየን ጭንቅላታችንን ዘንበል ብናደርግ ስክሪኑ በአንዱ ማዕዘን ላይ ይጨልማል፤ ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃንም ፖላራይዝድ ስለሆነ ነው። አብራሪዎች ይህን ዓይነት መነጽር እንዳያደርጉ የሚመከሩትም የበረራ መሣሪያዎቻቸው ስክሪን እንዳይጠፋባቸው ነው።

ንቦች ያለ መነጽር ይህን ያያሉ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ንቦች የሰማዩን ብርሃን የፖላራይዜሽን አቅጣጫ እያነበቡ መንገዳቸውን እንደሚያውቁ አሳይቷል፤ ፀሐይዋ በደመና ብትሸፈን እንኳ ጥቂት ሰማያዊ ሰማይ ከታያቸው ይበቃቸዋል። ፎን ፍሪሽ በንቦች ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ሊሞከር የሚገባው ግን የሦስቱ ማጣሪያዎች ሙከራ ነው። አንዱ ቋሚውን ሌላው አግድሙን ንዝረት ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ማጣሪያዎችን ብንደራርብ ጨለማ ይሆናል፤ ምንም ብርሃን አያልፍም። አሁን በሁለቱ መካከል በ45 ዲግሪ የዘነበለ ሦስተኛ ማጣሪያ እናስገባ። አእምሯችን «ሌላ መከልከያ ተጨመረ፣ ይበልጥ ይጨልማል» ይላል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ብርሃን ያልፋል። ማሉስ ያገኘው ሕግ መጠኑን ሳይቀር ይነግረናል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ግማሹን፣ የዘነበለው የቀረውን ግማሽ፣ የመጨረሻው ደግሞ እንደገና ግማሹን ያሳልፋል፤ ማጣሪያዎቹ እንከን የለሽ ከሆኑ ከመጀመሪያው ብርሃን አንድ ስምንተኛው ይደርሰናል። ማጣሪያ ከልካይ ብቻ ሳይሆን የንዝረቱን አቅጣጫ ወደ ራሱ የሚያዞር ነገር ነው። በተቃራኒዎቹ መካከል የገባው ሰያፍ ለእያንዳንዳቸው በከፊል ስለሚስማማ መሸጋገሪያ ይሆናል።

በሌሎቹ የሳይንስ ዘርፎችስ?

በኤሌክትሪክ ዘርፍ ፖላራይዜሽን ሲባል የምናገኘው በእርግጥም ሁለት ዋልታ ነው፤ አዎንታዊ ሙሌት በአንድ ጎን፣ አሉታዊው በሌላው ጎን ሲሰባሰብ። በሰውነታችን ውስጥ ያለች የነርቭ ሕዋስ በዕረፍት ላይ ሳለች ውስጧ ከውጭዋ በ70 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ ልዩነት ለቅጽበት ሲፈርስ ዲፖላራይዜሽን ይባላል፤ መልእክት የሚተላለፈውም ያኔ ነው። የልብ ምርመራ ወረቀት ላይ የምናየው ከፍና ዝቅ የሚል መስመር የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ይህን ልዩነት ሲያፈርሱና መልሰው ሲገነቡ የሚመዘግብ ነው። ልዩነቱ ጨርሶ ባይኖር ሕይወትም አይኖርም።

ሒሳብ ውስጥ ምን ይሠራል?

እዚህ ጥቂት እንቆይ፤ በኋላ ለፖለቲካው የሚያስፈልገን መሣሪያ ያለው እዚህ ነው።

13 በ7 ሲባዛ ስንት ነው? ማባዛት የማይችል፣ ነገር ግን የካሬ ሠንጠረዥ ያለው ሰው እንዲህ ያደርጋል። ድምራቸው 20 ነው፤ የ20 ካሬ 400። ልዩነታቸው 6 ነው፤ የ6 ካሬ 36። ከ400 ላይ 36 ሲቀነስ 364፤ ለ4 ሲካፈል 91። መልሱም 91 ነው። የሒሳብ መኪና ባልነበረበት ዘመን ሰዎች በዚህ መንገድ ትልልቅ ቁጥሮችን ያባዙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1817 አንቷን ቯዛን የተባለ ፈረንሳዊ እስከ 1,000 ላሉ ቁጥሮች የካሬ ሩብ ሠንጠረዥ አሳትሟል።

ለቁጥር የሚሠራው ይህ ዘዴ ለቬክተር፣ ማለትም ርዝመትና አቅጣጫ ላለው ቀስት፣ ሲውል የፖላራይዜሽን ቀመር ይባላል። ሁለት ቀስቶች አሉን እንበል። ርዝመት ከመለካት ሌላ ምንም አንችልም። የድምራቸውን ርዝመት ካሬ እንወስዳለን፣ ከእሱ የልዩነታቸውን ርዝመት ካሬ እንቀንሳለን፣ ለ4 እናካፍላለን። የሚወጣው ቁጥር ቀስቶቹ ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያመለክቱ ይነግረናል። ዜሮ ከሆነ ሁለቱ ቀጤ ነክ ናቸው፣ ማለትም በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ስለ ሌላው አቅጣጫ ምንም አይናገርም። ከፍ ያለ አዎንታዊ ቁጥር ከሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ፤ አሉታዊ ከሆነ ይቃረናሉ። ከርዝመት ተነስተን ዝምድና ላይ ደረስን ማለት ነው።

የሕዝብ አስተያየት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሁለት ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚያያዙ ለማወቅ ተዛምዶ የሚባል ቁጥር ያሰላሉ። ይህ ቁጥር በሒሳብ ዓይን ሲታይ በሁለት ቀስቶች መካከል ያለው ማዕዘን ኮሳይን ነው፤ ቀስቶቹ ሲገጥሙ 1፣ ቀጤ ነክ ሲሆኑ 0፣ ፍጹም ሲቃረኑ ደግሞ −1 የሚሆን ቁጥር ማለት ነው። ብርሃን በሁለተኛው ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚወስነውም ኮሳይን ነው፤ በካሬ መልኩ። ብርሃንም ሆነ መጠይቅ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ አቅጣጫዎቹ ገጥመዋል ወይስ አልገጠሙም?

የገቢ ልዩነትና ፖላራይዜሽን አንድ ናቸው?

አይደሉም። ይህ መምታታት ዋጋ ስለሚያስከፍል በቁጥር እንየው።

በአንድ መንደር አሥር ሰዎች አሉ። የወር ገቢያቸው 1,000፣ 2,000፣ 3,000 እያለ እስከ 10,000 ብር ይደርሳል። አሁን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አምስቱ ገቢያቸውን በእኩል ተካፍለው እያንዳንዳቸው 3,000 ብር ያግኙ፤ ከፍተኛ ገቢ ያላቸው አምስቱም እንዲሁ እያንዳንዳቸው 8,000። የመንደሩ ጠቅላላ ገቢ አልተለወጠም። ጂኒ በሚባለው የኢኮኖሚስቶች መለኪያ ዜሮ ማለት ፍጹም እኩልነት ሲሆን ወደ አንድ በተጠጋ ቁጥር ልዩነቱ እየከፋ ይሄዳል። የመንደሩ ጂኒ ከ0.30 ወደ 0.23 ገደማ ወርዷል፤ እኩልነት ተሻሽሏል ማለት ነው። ሪፖርት ቢጻፍ መልካም ዜና ነው።

መንደሩን ግን በዓይናችን እንየው። ቀድሞ ከታች እስከ ላይ መሰላል ነበር፤ በሁለቱ ጫፍ ካሉት በቀር እያንዳንዱ ሰው አንድ እርከን ከፍ ያለና አንድ እርከን ዝቅ ያለ ጎረቤት ነበረው። አሁን ሁለት ወገን አለ፤ በመካከላቸው ማንም የለም። በየወገኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተለየ። ኢኮኖሚስቶቹ ጁዋን ኤስቴባንና ደብራጅ ሬይ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው። ፖላራይዜሽን ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ይወለዳል፦ ከራስ ወገን ጋር ያለ የአንድነት ስሜትና ከሌላው ወገን ጋር ያለ የባይተዋርነት ስሜት። ሁለቱን ሊለኩ የተነሱትም ማኅበራዊ ግጭት ከድህነት ወይም ከልዩነት ብቻ እንደማይመነጭ በማመን ነው። አማካይ ቁጥርን ብቻ የሚያነብ ፖሊሲ አውጪ ይህን መንደር «ተሻሻለ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ያስፈራኛል።

ፖለቲካ ላይ አለመስማማት ሁሉ ፖላራይዜሽን ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖል ዲማጆ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ላይ ባደረጉት ጥናት በአንድ ቃል ብቻ የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮችን ለያዩ። አስተያየት የተበታተነ መሆኑ አንድ ነገር ነው። በሁለት ጫፍ መከማቸቱ ሌላ ነው። አንዱን ጥያቄ የመለሰ ሰው ሌላውን እንዴት እንደሚመልስ አስቀድሞ መታወቁ ሦስተኛ ነው። አቋሙ ከማንነቱ ጋር፣ ማለትም ከዘሩ፣ ከእምነቱ ወይም ከኑሮ ደረጃው ጋር፣ መጣበቁ ደግሞ አራተኛ።

ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ያለው ነገር በቀስቶቹ ያየነው ነው። የጦር መሣሪያ ቁጥጥርና የአየር ንብረት ለውጥ በባሕርያቸው የሚያገናኛቸው የለም፤ ቀጤ ነክ ሊሆኑ ይገባቸው ነበር። አንዱን ሲሰሙ ሌላውን መገመት የሚቻልበት አገር ግን ብዙው አቅጣጫ ወደ አንድ መስመር የታጠፈበት አገር ነው። ጤናማ ማኅበረሰብ ውስጥ በምርጫ የሚቃረኑ ሰዎች በዕድር ይገናኛሉ፤ በእምነት የሚለያዩ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ በቋንቋ የሚለያዩ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ይደግፋሉ። ልዩነቱ ብዙ ነው፤ መስመሮቹ ግን ይጠላለፋሉ። ዛሬ በአንዱ ጉዳይ የተሸነፈ ነገ በሌላው አሸናፊ ነው፤ ተቃዋሚው ባልደረባው ነው። መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ስንጥቅ ላይ ሲደራረቡ ያ ሁሉ ይጠፋል። ሰው ብርሃን አይደለምና ንጽጽሩን ከልክ በላይ መግፋት አይገባም፤ ቢሆንም የዘነበለው ሦስተኛ ማጣሪያ የሚያሳየን ነገር እዚህም እውነት ይመስለኛል። ለሁለቱም በከፊል የሚቀርቡ ሰዎች ሲኖሩ የሚያልፍ ነገር አለ።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ የስሜት ፖላራይዜሽን አለ፤ አቋም ላይ ሳይሆን ሌላውን ወገን በመጥላት ላይ የቆመ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ሻንቶ ኢየንጋርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ለአሜሪካውያን የቀረበ አንድ ጥያቄ ተነስቷል፦ ልጅዎ የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ቅር ይልዎታል? በ1960 ቅር ይለኛል ያሉት ከሁለቱም ፓርቲ ደጋፊዎች 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2010 ከሪፐብሊካን ደጋፊዎች ግማሽ ያህሉ፣ ከዲሞክራት ደጋፊዎች ደግሞ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቅር ይለኛል ብለዋል። የሚጠየቁት ስለ ግብር ወይም ስለ ጤና መድን ሳይሆን ስለ ጋብቻ ነበር።

በሐሳብ የሚቀራረቡ ሊጨራረሱ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ የእኛው ታሪክ ምስክር ነው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም.፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በውጭ አገር ሲመሠረቱ ሁለቱም የተማሪው ንቅናቄ ልጆች ነበሩ። ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስት ነን ይሉ ነበር። ሁለቱም መሬት ለአራሹ እንዲሆን ታግለዋል፤ ሁለቱም የብሔር ብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ተቀብለዋል። ዋናው ያለያያቸው ጥያቄ ከደርግ ጋር ምን ይደረግ የሚለው ነበር። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ወዲያውኑ ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጡ ሕዝቡን ማደራጀት ይሻላል አለ። ክርክሩ በጽሑፍ ተጀመረ። ከዚያ «ባንዳ» እና «አናርኪስት» የሚሉት ስሞች መጡ፤ ከስሞቹም ጥይት። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ቀይ ሽብርን በይፋ አወጀ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መኢሶንም ከደርግ ጋር ተጣልቶ ኅቡዕ ገባ፤ አባሎቹም በተራቸው ታደኑ።

ማን ጀመረ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ የሟቾቹ ቤተሰቦች በሕይወት አሉና ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፖላራይዜሽን ብሎ መጥራትም የግድያውን ኃላፊነት ከገዳዮቹ ላይ አያነሳም። የሁለቱን ፕሮግራሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ርቀታቸውን ብቻ የሚለካ ሰው ግን ያን ሁሉ ደም ሊያስረዳ አይችልም። ስንት ወጣት፣ አንድ ዓይነት መጻሕፍት አንብቦ፣ አንድ ዓይነት መዝሙር ዘምሮ፣ በአንድ ጥያቄ ብቻ ወዳጅና ጠላት ተባለ!

ጥፋቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ነው?

መልሱ ብዙዎች የሚሉትን ያህል ግልጽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌዊ ቦክሰልና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት ፖላራይዜሽን ይበልጥ የጨመረው ኢንተርኔት በትንሹ በሚጠቀሙት አረጋውያን ዘንድ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ለሦስት ወራት በፌስቡክና በኢንስታግራም ገጻቸው ላይ ልጥፎች በመድረኩ ተመርጠው ሳይሆን በተለጠፉበት ጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ የቀረቡላቸው ሰዎች አመለካከት ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ይህ ማለት ግን መድረኮቹ ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም፤ ጥናቶቹ የአንድ አገር ናቸው፤ በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ የሚሆነውን አይነግሩንም።

ውይይት ያቀራርባል ወይስ ያራርቃል?

«ቁጭ ብለን ብንነጋገር ይፈታል» የሚለው እምነታችን ጥልቅ ነው። ጥናቱ ግን ማን ከማን ጋር ቁጭ አለ ብሎ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰርዥ ሞስኮቪቺና ማሪዛ ዛቫሎኒ ፈረንሳውያን ተማሪዎችን በቡድን አወያዩ። ከውይይቱ በፊት ለፕሬዚዳንት ደ ጎል በጎ አመለካከት የነበራቸው ከውይይቱ በኋላ ይበልጥ አደነቁት፤ አሜሪካውያንን በጥርጣሬ ያዩ የነበሩትም ይበልጥ ጠረጠሯቸው። የቡድን ፖላራይዜሽን የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ተመሳሳይ ነገር ታየ። የቦልደር ነዋሪዎች በአብዛኛው ለዘብተኛ (ሊበራል)፣ የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነዋሪዎች በአብዛኛው ወግ አጥባቂ ናቸው። ሁለቱ ከተሞች ለየብቻቸው ሲወያዩ በየቡድኑ ውስጥ የነበረው የአስተያየት ልዩነት ጠበበ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ደግሞ ሰፋ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የሚያውቁትን ክርክር ደጋግመው ሰሙ፣ ከወገናቸው ላለማነስም ጥቂት ከፍ አደረጉት።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዳላስ አቅራቢያ የተደረገው ሌላ መልክ ነበረው። ጄምስ ፊሽኪንና ባልደረቦቹ ከመላው አሜሪካ በናሙና የተመረጡ ከ500 የሚበልጡ መራጮችን አንድ ቦታ ሰበሰቡ። በትንንሽ ቡድን ሲከፈሉ ሆነ ተብሎ ተቀላቀሉ፤ የሁለቱንም ወገን ክርክር በሚዛን የያዘ ጽሑፍ ተሰጣቸው፤ የሠለጠነ አወያይ ተመደበላቸው፤ ጥያቄያቸውን ይዘው ከባለሙያዎች ፊት ቀረቡ። በጣም ተራርቀው በነበሩባቸው በርካታ ጉዳዮች ላይ ተቀራረቡ፤ ለተቃራኒው ፓርቲ ደጋፊዎች ያላቸው ስሜትም ለዘብ አለ።

በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከየወረዳው ከተለያዩ የማኅበረሰብ ክፍሎች ተሳታፊዎችን እየመረጠ አጀንዳ ሲያሰባስብ ቆይቷል። በየመድረኩ ማን ተገኘ ከሚለው ዜና ጎን ለጎን በየጠረጴዛው ማን ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ምን አንብቦ መጣ፣ ማን አወያየው ብሎ መጠየቅ ይገባል። የኮሎራዶውና የዳላሱ ውይይት ከተለያዩባቸው ነገሮች ዋናዎቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።